ዝግቦቹ ስንት ያወጣሉ

ሐምሌ 6

ጫካችንን ሊያጠኑልን መጡ። ደህና ዋልኩ፣ ደህና አመሸሁ ሳልል ጻፍኩት፤ ደስታው አላስቀምጥ አለኝ። ከቤታችን በላይ ያለውን ዳገት ዞር ብሎ ያየ ሰው በስንት ዘመኑ ተገኘ።

ጾም ትናንት ስለተፈታ ሱቁ ሰው በሰው ነበር። ቅቤ እየመዘንኩ ቀና ስል አንዲት ልጅ በሩ ላይ ቆማለች። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ። ሉሲ እባላለሁ፣ ከክፍለ ከተማው ነው የመጣሁት አለች። «እትዬ፣ ከላይ ያለው ጫካ ለሰፈሩ ምን እንደሚሰጥ እያጠናን ነው። በኋላ በብር እንተምነዋለን።» ዝግባውን፣ ወይራውን፣ ከሥሩ ያለውን ምንጭ፣ አፈር የሚይዘውን ሥር... ጥላውን ሳይቀር።

«ጥላም ይተመናል?»

«ይተመናል።»

ሳቅሁ። ጥላ የሚሸጥ መሆኑን ባውቅ እስካሁን ፎቅ ሠርቼ ነበር።

ማታ ለይገዙ ነገርኩት። ባሌ ነገር አያበዛም፤ አይሱዙውን ሲነዳ ውሎ ቃሉን ሁሉ መንገድ ላይ ጨርሶት ነው የሚገባው። ጉርሻውን አቁሞ አየኝና «ዋጋ ለምን ይጠይቃሉ? የሚሸጥ ነገር አለ እንዴ?» አለ።

በደስታዬ ላይ ውሃ ቸለሰበት።

ሐምሌ 7

እውነት ለምን ጠየቁ?

እናቴ ለሰርጌ የሰጠችኝ የቅቤ ቅል ሱቄ መደርደሪያ ላይ አለ። ያየ ሁሉ «ስንት ነው?» ይለኛል። «አይሸጥም» ብቻ ነው መልሴ። ዋጋ አልጠራም። አንዴ ከጠራሁ ገዢው አይሄድልኝም፣ ይቆማል... ነገም ይመጣል። ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ያውቃል።

ታዲያ ጫካው ዋጋ ከተጠራለት በኋላስ?

ሐምሌ 20

እድር ነበር። ሉሲ እዚያው መጣች። ልጅቷ አትዋሽም፣ ፊት ለፊት ነገረችን። በቦታው ላይ ሁለት ሐሳብ አለ። ወይ ጫካው እንዳለ ይቆያል፣ ወይ ተመንጥሮ መኪና ማቆሚያ ይሆናል። የትኛው እንደሚጠቅም ተሰልቶ ነው የሚወሰነው። ዳገቱ እኮ በቀጥታ በኔ ጣሪያ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ያ ሁሉ አፈር... ዛፉ ካልያዘው ማን ሊይዘው ነው?

ቀጥላ እያንዳንዳችንን ለብቻ ልትጠይቅ ሆነ። «ጫካው እንዲቆይ ቤትዎ በወር ስንት ለመክፈል ፈቃደኛ ነው?»

ተራ ሳይደርሰን ጋሽ ገብረአምላክ ሰብሰብ አደረጉን። የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ አጠና ተራ ዕድሜ ልካቸውን እንጨት ሲሸጡ ኖረዋል። «ስሙኝ። ከፍ አድርጎ የጠራ አለቀለት። ነገ ግብር አድርገው ይዘውት ይመጣሉ። ከታች ጀምሩ። እሷ ጨምሩ ትላለች፣ ትንሽ ትጨምራላችሁ፣ መሃል ላይ እንገናኛለን።»

እውነት ነው ብለን ተስማማን። ማን ነው ገበያ ገብቶ ከላይ የሚጀምር?

ተራዬ ሲደርስ «አምስት ብር» አልኩ። ኧረ እትዬ እሙ ይጨምሩ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አርባውንም ሃምሳውንም በሆዴ ይዣለሁ። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው ሄደች።

አልተከራከረችም። አንድ ቃል እንኳ።

ሰርኬ፣ ከሱቄ አጠገብ በርበሬ የምትሸጠው፣ ስንመለስ እየሳቀች ነበር። «እኔ ሁለት ብር ብያት ዝም! ይቺ ልጅ ነግዳ አትበላም።» እኔም ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ነሐሴ 3

ከወንዙ ማዶ ያለው ዳገት ተናደ።

ለሕንፃ መሠረት ብለው ባሕር ዛፉንም ወይራውንም አምና ነበር የነቀሉት። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ወረደ፤ ሲነጋጋ አንድ ነገር ጓ... ብሎ ተሰማ። ስወጣ የአብደላ አጥር የለም። ኩሽናው የለም። ቀይ ጭቃ ከነድንጋዩ እስከ መኝታ ቤቱ መስኮት ደርሷል። ሰው አልሞተም፣ እግዜር ይመስገን። አብደላ ከነልጆቹ ሳሎን ነበር። ጭቃው መሃል ቆሞ «ኩሽናዬ እዚህ ነበር» ይላል ደጋግሞ፤ እኛ የማናውቀው ይመስል።

ዞሬ የኛን ዳገት አየሁት። ያው ዝናብ፣ ያው ቀይ አፈር። ቆሟል። ከሥሩ የሚወጣው ውሃ እንኳ አልደፈረሰም። ቧንቧው በፈረቃ ሆኖ ሲጠፋብን ከዚያው ነው ጀሪካን የምንሞላው።

ይህን ነው አምስት ብር ያልኩት?

ነሐሴ 9

ፍልሰታ ነው፣ ቅቤ ፈላጊ የለም። ሱቅ ቁጭ ብዬ ሉሲ ስታልፍ አየኋትና ጠራኋት።

«እንዴት ሆነ የኔ ልጅ?»

ፊቷን አዞረች። «እትዬ እሙ፣ እውነቱን ልንገርዎት? እኔም ገርሞኛል። ሰዉ ጫካውን ያን ያህል አይፈልገውም። የተናገራችሁት ሲደመር መኪና ማቆሚያው በብዙ ይበልጣል።»

«ያ እኮ መነሻ ነው!»

«የምን መነሻ?»

«የዋጋ! አንቺ ጨምሩ ትይናለሽ ብለን... ሰው ከታች ጀምሮ አይደል የሚወጣው?»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ባንኮኒውን ያዘች። «እኔ እኮ አልከራከርም፣ እትዬ። ያሉኝን ነው የምጽፈው። በልባችሁ ያለውን መስሎኝ።»

«በልባችን ያለውንማ ለማያውቁት ሰው በመጀመሪያ ቃል ማን ይናገራል?»

ጥያቄው ተዘግቷል አለችኝ። እንደገና መጠየቅ የእሷ ሥልጣን አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ ከመወሰኑ በፊት ነዋሪው የሚሰማበት ስብሰባ። እዚያ የመጣ ሰው የተናገረው ብቻ ነው የሚጻፈው።

ነሐሴ 10

ጋሽ ገብረአምላክ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ «ገበያ መስሎኝ» አሉ። እኚያን ሽማግሌ እንደዚህ አይቻቸው አላውቅም።

ነሐሴ 11

ዘነበ። ጆሮዬ ዳገቱ ላይ ነው። ይገዙ «ተኚ» ይላል፣ እሱም አልተኛም።

ነሐሴ 25

የስብሰባው ቀን ተለጠፈ። መስከረም 12።

መስከረም 12! ሰርኬ ቆማ አነበበችው፣ እኔ ቆሜ አነበብኩት፣ ተያየን። በዚያን ቀን ኮልፌ ላይ ማን ይገኛል? ለመስቀል ሁላችን ከሳምንት በፊት ሱቅ ቆልፈን ጉራጌ እንወርዳለን። ሰፈሩ ባዶ ነው የሚሆነው። ቀኑን ያወጡት ሰዎች ክፋት አስበው አይመስለኝም፣ አያውቁም። ግን ባዶ ወንበር ያያሉ። «አይፈልጉትም» የተባለው እውነት ይሆናል።

ከመስቀል ስንመለስ ዳገቱ ተንዶ ብናገኘውስ... ወይስ በማሽን ተልጦ እናገኘዋለን?

መስከረም 3

እድር ተጠራ፣ በዓመት በዓሉ በሦስተኛ ቀን። ጋሽ ገብረአምላክ ተነሥተው «ውሳኔው እስኪሰማ እጠብቃለሁ፣ እኔ ዘንድሮ አልሄድም» አሉ። እኚህ ሰው ታመውም፣ ሐዘን ላይም ሆነው መስቀልን ቀርተው አያውቁም። ወንድሞቻቸው በሬውን ገዝተው ነው የሚጠብቋቸው።

«እግዜር አይበለው፣ መስቀል ይቀራል እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አይቀርም። አንተ ሂድ፣ እኔ እዚህ ልጠብቅልህ» አሉት። «የአብደላን ኩሽና አይተሃል። ስትመለስ ያንተ ካለ ደስ ይለኛል።»

ሰርኬ እጇን አወጣች። እኔም። ከዚያ ማን እንደቀደመ አላየሁም።

አሁን ለአዶቴ፣ ለእናቴ ማን ይነግራል?

መስከረም 4

ደወልኩ። «ቆጮው ተቆፍሮ ወጥቷል፣ መቼ ትገባላችሁ?» ብላ ጀመረች። ነገርኳት።

«አዶት? አለሽ?»

«ዛፍ ነው ያልሽኝ?»

«ዛፍ ነው።»

«ለዛፍ ብለሽ ነው የምትቀሪብኝ?» ብላ ዘጋችው። ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። አግብቼ ከመጣሁ ወዲህ አንድም መስቀል አጎድዬባት አላውቅም። ከጠፋብኝ ሁለቱም ነው የሚጠፋብኝ፤ እሷም፣ ጫካውም። ምን አደረግሁ?

መስከረም 12

በደንብ ልጻፈው።

የእድሩን ድንኳን ዝግባዎቹ ሥር ተከልን። ሰብሳቢው ከሉሲ ጋር መጣ፤ ወጣት ነው፣ ባለመነጽር። አንድ አሥር ሰው ጠብቆ ነው መሰለኝ የመጣው። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው እስከ ምንጩ ቆሟል። አብደላም ከማዶ ተሻግሮ ከፊት ተቀምጧል።

ሰብሳቢው ዞር ዞር ብሎ አየን። «ይቅርታ... አብዛኞቻችሁ ጉራጌ አይደላችሁም? አልሄዳችሁም?»

ጋሽ ገብረአምላክ ኮፍያቸውን አወለቁ። «አልሄድንም። ልጄ፣ ስንት ትላላችሁ ብላችሁ ጠየቃችሁን፣ እኛም በገበያ አፍ መለስንላችሁ። ስህተቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የመከርኳቸው። አሁን ብር አልጠራም። መስቀላችንን ትተን እዚህ ቆመናል። ይህን ስንት ብለህ እንደምትጽፈው አንተ ታውቃለህ።»

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «የኔም እናት ከቸሃ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ዘንድሮ በሥራ ምክንያት ቀረሁባት፣ ስልኬን አታነሣም።»

አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁላችንም። ሉሲ አልሳቀችም፤ ጎንበስ ብላ ትጽፋለች። ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

መልሱን ከነገ ወዲያ አሉን።

መስከረም 13

ምንም። እህል አልወረደልኝም። ሰርኬ ሦስቴ መጥታ «ደወሉ?» አለች። ሱቋ ከሱቄ ጋር ግድግዳ ነው የሚጋራው፣ ቢደወል ትሰማ የለ።

መስከረም 14

ቀረ! መኪና ማቆሚያው ቀረ። ሌላ ሜዳ ፈልገውለታል። ጫካው ከነምንጩ ይጠበቃል ተብሎ ተጻፈ። ሉሲ ራሷ ደወለች፤ ስጮህ ይገዙ ዳገቱ የተናደ መስሎት በባዶ እግሩ ወጣ።

ፍርሃቱ ግን ለቀቀኝ ልል አልችልም። አሁን የሆነ ቦታ ላይ ከጫካችን ጎን ዋጋ ተጽፏል። አንድ ቀን ከዚያ አስበልጦ የሚጠራ ይመጣ ይሆናል... ይህን ለጋሽ ገብረአምላክ ስላቸው «እንግዲያው ሲመጣ ሰው ያግኝ» አሉ። ከእንግዲህ መስቀል በየዓመቱ አንዱን ቀን ዝግባዎቹ ሥር ሊሆን ነው። እኛ ካልወረድን አገር ቤት ወደኛ ይውጣ ተባለ።

ከሰዓት አዶቴ ደወለች። ሰላምታ የለም፣ ምን የለም። «ይገዙ መኪናውን ይላክ። ቆጮውን ይዤ ነው የምመጣ። ያንን ዛፍ እኔም ልየው።»

ቅቤው ተነጥሯል፣ በሬው ታስሯል። አብደላ ከነልጆቹ፣ ሉሲ ከነጓደኞቿ፣ ያ ባለመነጽር እናቱን ይዞ፣ የቀራንዮም፣ የዓለም ባንክ ሰፈርም፣ የአስኮም ሰው፣ ሁሉም። መስከረም 17፣ ዝግባዎቹ ሥር። የሚቀር እንዳይኖር።