ሸምሱ በንጋት የቀለደው ቀልድ

ማክሰኞ

ሸምሱ ልጄን በቁሙ ገደለብኝ። ለቀልድ።

ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሸምሱና ሁለት የእድራችን ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ቡታጅራ ውስጥ ሽማግሌ በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ዝም ብሎ ደጅ ከቆመ መርዶ ነው። የወንድሜን ሞት ከቆሼ ከተማ ሰምቶ መጥቶ ያረዳኝ ይኸው ሸምሱ ነው፤ ያኔም እንዲሁ ነበር የቆመው።

«ቁጭ በል እስቲ ወልዴ» አለኝ።

«ተካ ነው?» አልኩ። ልጄ ተካ ጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። ሸምሱ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ያኔ ሸምሱ ሳቁን ለቀቀው። «አይ አም ፑሊንግ ዩር ሌግ!»

እግርህን እየጎተትኩ ነው ማለቱ ነው። እንግሊዞች ሲቀልዱ እንዲያ ይላሉ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ባለፈው ሐሙስ። ሐሙስ ሐሙስ አብረን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እናነባለን፤ እኔ ከሬዲዮና ከመዝገበ ቃላት የለቀምኩትን እሱ ከእኔ ይለቅማል።

ሦስቱንም አባረርኳቸው።

ረቡዕ

የተካ ስልክ አይሠራም። በረሃው ላይ ኔትወርክ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ማወቄ አልጠቀመኝም።

ጎህ ሳይቀድ ነቅቼ በሩን ሳይ ነበር። ማንም አላንኳኳም። ሦስቱ ግን ቆመዋል። ስከፍት የሉም፣ ስዘጋው አሉ።

ሐሙስ

መዝገበ ቃላቱን ብቻዬን ገለጥኩ። እግር መጎተት አለ። ጎድን መነካካት አለ፤ ሪቢንግ ይሉታል። ሁሉም ለጨዋታ ነው፣ ክፋት የለበትም ይላል። የጻፈው ሰው መርዶ ደርሶት አያውቅም።

ከሰዓት የሸምሱ ሚስት ዘይነባ ቡላ ይዛ መጣች።

«ጋሼ ወልዴ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ሰውዬው እህል አልቀምስ አለ። አንድ ቀን እንኳ ላስቀው ብሎ ነው እኮ!»

«ታዲያ ሳቅሁ?»

ቡላውን መለስኩላት። ከሄደች በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ሐሙስ በዚህ ሰዓት ሸምሱ እንግሊዝኛውን እያበላሸ ይጮህብኝ ነበር።

ዓርብ

ተካ ደወለ! ሚሌ ላይ መኪናው ተበላሽቶ ስልኩም ባትሪ ጨርሶ ነበር።

«አባባ፣ ድምፅህ ምን ሆኗል?»

«ጉንፋን ነው።»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ማንም አላየኝም።

አሁን ፍርሃቱ ይለቀኛል ብዬ ነበር። አልለቀቀኝም። ሞቱን አንድ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ደህንነቱን መስማቴ ያንን አልሻረውም። ዛሬም በሩን እያየሁ ነው።

ቅዳሜ

ሊነጋ ሲል ከመንገዱ ማዶ ጩኸት ሰማሁ።

«ወልዴ! አሰላሙ አለይኩም! ሁሉም ደህና ነው! ሰው አልሞተም! እኔ ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ!»

ትንሽ ይራመድና ይደግመዋል። ውሾቹ አበዱ። አንዱ ጎረቤት «ምነው ሸምሱ፣ ነካህ እንዴ?» ሲለው ሰማሁ።

«ዝም በል! ወደ ወልዴ ቤት ከእንግዲህ እንዲህ ነው የሚመጣው!»

በሩ ጋ ሲደርስ አላንኳኳም። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማኛል። ቆየሁና ከፈትኩለት። ከኋላው ማንም የለም። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት፣

«ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ» አልኩት። ወንበር ሰጠሁት፤ መጽሐፉን ካቆምንበት ገለጥኩ።

«ዛሬ እኮ ሐሙስ አይደለም» አለ።

«አንብብ።»

ይቅር አላልኩትም። ግን ይህን ነገር ከዛሬ ወዲያ በአፌ አላነሳውም፤ ለተካም አልነግረውም፣ እዚህም አልጽፈውም።