ከቅዳሴ በኋላ የሚነበበው ስም

ይድረስ ለእህቴ፣
ገለምሶ።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? እኔ ከንዴት በስተቀር ምንም አያመኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እማዬም ጉልበቷን ብርዱ ከሚጠዘጥዛት በቀር ደህና ናት። አባዬም ደህና ነው፤ ደህንነቱን የማውቀው ግን ሬዲዮውን ሲከፍትና ሲዘጋ እየሰማሁ ነው፣ ምክንያቱም እኔንም እማዬንም አኩርፎናል። ለምን እንዳኮረፈ በኋላ እደርስበታለሁ። ባልሽን ቡርሃንንም ሰላም በይልኝ። ይህቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ወረቀት እንደቀደድኩ እወቂልኝ።

በስልክ ላገኝሽ ፈልጌ ነበር፣ አንቺ ቁጥርሽን ቀይረሻል። ጎረቤታችን ሉባባ ጫት ልትጭን ገለምሶ ስትመላለስ እንደምታገኝሽ ስለሰማሁ ቁጥሩን ስጪኝ አልኳት። «ወላሂ አልሰጥህም! ደውለህ ልትጮህባት ነው። ጻፍና አምጣ፣ ወረቀት አይጮህም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ልጮህብሽ ነበር። እንግዲህ ጩኸቴን በጽሑፍ ተቀበዪው።

አንቺ የሄድሽው እኔ የመጨረሻ ፈተናዬን ስፈተን ነው። ቆብና ጋውን በፌስታል ይዤ ቤት ስገባ አልጋሽ ተነጥፏል፣ አንቺ የለሽም። «የት ሄደች?» ስል መልስ የሰጠኝ የለም፤ የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። እህቱ ማንን እንዳገባች ከባጃጅ ሹፌር የሚሰማ ወንድም ምን እንደሚሰማው አስቢው። ይሄን እዚህ ላይ ልተወው፣ አለዚያ ሦስተኛውን ወረቀት መቅደዴ ነው።

ውሃ ምህንድስና ተምሬ መጣሁ። ወረዳ ሄድኩ፣ ዞን ሄድኩ፣ ሂርና ድረስ በሚኒባስ ሄጄ ማመልከቻ አስገባሁ። የሁሉም መልስ «እንደውልልሃለን» ነው። ቤት ቁጭ ብዬ ከማዛጋ ብዬ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ባዶ እጄንም አልሄድኩም፣ እቅድ ነበረኝ! የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ቅዳሜ ቅዳሜ በአዳራሹ ሒሳብና ፊዚክስ ላስጠና፣ የደብሩን መርሐ ግብር በቴሌግራም ላወጣ፣ የጠበሉን ቦታ ጭቃ የሚያደርገውን ውሃ ቦይ ላበጅለት። ለሰበካ ጉባኤው አቀረብኩ፣ አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባው ሲያልቅ አቶ ተስፋዓለም ተነስተው «ልጄ፣ ሁሉም በጊዜው ይታያል። ለጊዜው ድምፅህ ጥርት ያለ ነውና ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ አንብብልን» አሉ። በቃ፣ የስንት ዓመት ትምህርት እዚያ አረፈ። ከበሮ መቺው ጓደኛዬ ዳግማዊ እስከ ዛሬ «ክቡር የማስታወቂያ ሚኒስትር» እያለ ነው የሚጠራኝ።

ማስታወቂያ ሲነበብ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። ሰው ጫማውን ይፈልጋል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ከአጥር ውጭ የጫት አይሱዙ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ሞንታርቦው ያፏጫል። እኔ በዚያ መሐል «ምእመናን ሆይ» እላለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የግቢ ጽዳት ስላለ አካፋና መጥረጊያ ያላችሁ ይዛችሁ እንድትመጡ። የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ማኅሌት ይቆማል፤ በማግሥቱ ታቦቱ ወጥቶ ይነግሣል፤ ከሂርና የተጋበዙ ሰባኪ ያስተምራሉ። ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ የምታቃጥሉ ከአጥሩ ራቅ አድርጉ፣ አምና ጽዱ ሊነድ ነበር። ለነዲያን ምሳ ዳቦ የምታቀርቡ ስማችሁን ለሰንበት ትምህርት ቤት አስታውቁ። እዚህ ድረስ ማንም አይሰማኝም፣ እኔም አልከፋም። ከዚያ የመጨረሻው ይመጣል፦ «የዘንድሮው የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር ተረኛ…» ብዬ ስምሽን ከነአባትሽ እጠራለሁ።

ግቢው ጭጭ ይላል። ጫማ የሚፈልገው እንኳ አንድ እግሩን እንዳንጠለጠለ ቀና ይላል። ሌላውን ማስታወቂያ አንድም ሰው ሳይሰማ ያንቺን መስማት የሚሳነው የለም። ከዚያ ሹክሹክታው ይጀምራል። አንዲት ሴትዮ በአጠገቤ እያለፈች «ተረኛዋ ከገለምሶ በጫት መኪና ትመጣ ይሆን?» ስትል ሰምቻታለሁ። እኔ ማይክራፎኑን እንደጨበጥኩ ነኝ።

ደግሞ ስምሽ ብቻውን አይጠራም። ከስምሽ ቀጥሎ የሚጠራው የአባዬ ስም ነው፣ የእኔም ስም ግማሹ እሱ ነው። አንቺን ባነበብኩ ቁጥር ሦስታችንንም አነበብኩ ማለት ነው። አባዬ ያን ላለመስማት ቅዳሴው እንዳለቀ፣ እኔ «አንድ፣ ሁለት» ብዬ ድምፁን ሳልሞክር፣ በታችኛው በር ሹልክ ይላል። ቤት ውስጥም ስምሽ አይነሳም። የሄድሽ ሰሞን «በዚህ ቤት ያ ስም እንዳይጠራ» ብሏል፣ አልተጠራም። እማዬም አትጠራሽም። እሷ እንዲያውም አዲስ አመል አውጥታለች። ድሮ ከአባዬ ጋር ወጥታ ቁርስ ታሰናዳ ነበር፤ አሁን በሴቶቹ በር በኩል ካለው ጽድ ሥር ተቀምጣ ማስታወቂያው እስኪያልቅ ትቆያለች። ልጇ ማይክራፎን ይዞ ስታይ ደስ ቢላት ነው ብዬ እኔም በየሳምንቱ ድምፄን አሳምር ነበር።

አምና በንግሡ ዕለት ጽዋውን ስትቀበዪ እልልታው እንዴት እንደነበር እማዬ በስልክ ነግራኛለች። «ዓመት ካደረሰኝ ደግሼ አበላለሁ» ብለሽ በሰው ፊት ቃል ገብተሽ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍነሽ፣ በመዝሙር ታጅበሽ ቤት አስገባሽው። ዓመቱ ደረሰ። ጽዋው ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፣ አንቺ ገለምሶ ነሽ፣ ማይክራፎኑ እኔ እጅ ላይ ነው። ፍርዱን ራስሽ ስጪ።

ቢብስብኝ አቶ ተስፋዓለም ዘንድ ሄድኩ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው፣ እሳቸው ስለሆኑ ስሙን የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው ብዬ ነው። ሱቃቸው በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ ይሄ ስም ቢቀርስ? ለእሷም አይጠቅም፣ ለእኛም ማፈሪያ ሆነ» አልኳቸው።

«ማነው ያፈረው?» አሉኝ።

«ሁላችንም» አልኩ።

«እኔ አላፈርኩም፤ እኔን ቀንስ» አሉ። ከዚያ እንደ ሕፃን አስረዱኝ፦ ጽዋ የተቀበለ ሰው ስሙ የሚወርደው በዕለቱ ተጠርቶ ሲጠፋ ነው። ንግሡ አልቆ ማኅበርተኛው አዳራሽ ሲሰበሰብ ሙሴው የተረኛውን ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል። ተረኛው «አለሁ» ይላል። እሱ ከሌለ ከቤቱ አንድ ሰው ተነስቶ «አለ» ይልለታል፣ ድግሱንም ያቀርብለታል። ሦስቴ ተጠርቶ የሚነሳ ከጠፋ ጽዋው ለሌላ ይሰጣል፣ ያ ስም ከማኅበሩ ይወጣል፣ ዳግመኛም በዚያ አዳራሽ አይጠራም። «ከዚያ በፊት ግን እኔም አልሰርዝም፣ አንተም አትሰርዝም» አሉኝ።

«እሷኮ ሄደች፣ ጋሼ!»

«የት ሄደች? ባሕር ተሻገረች እንዴ? ከአሰበ ተፈሪ ገለምሶ ሚኒባስ ጠፋ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ አዞሩ፤ ጭሮን እስከ ዛሬ በድሮ ስሟ ነው የሚጠሯት። ለእሳቸው ሁሉ ነገር ቀላል ነው!

አባዬን ደግሞ እራት ላይ ሞከርኩት። «በዕለቱ ከቤታችን የሚነሳ ሰው ያስፈልጋል» አልኩት፣ ስም ሳልጠራ፣ በጣም ተጠንቅቄ። «እኔ የማውቀው ተረኛ የለም» አለና እጁን ታጠበ። ወጡ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ዘለልኩት። አዎ፣ እኔው ነኝ። ጽዳቱን፣ ማኅሌቱን፣ ሰባኪውን፣ የነዲያኑን ምሳ አነበብኩና «ማስታወቂያችንን ጨርሰናል፣ በሰላም ግቡ» ብዬ ማይክራፎኑን ዘጋሁ። እፎይ አልኩ። ዳግማዊ ከሩቅ አውራ ጣቱን አሳየኝ። አቶ ተስፋዓለም ግን አተኩረው አዩኝ። ሽቦውን እየጠቀለልኩ ሳለሁ ሰው ሁሉ ወጥቶ አለቀ፤ ቀና ስል እማዬ ከጽዱ ሥር አልተነሳችም።

«እማዬ፣ እንሂድ እንጂ» አልኳት።

«አለቀ እንዴ?» አለችኝ።

«አለቀ።»

«ሁሉንም አነበብከው?»

«ሁሉንም» አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ልደግፋት እጄን ስሰጣት ሳትይዘኝ ተነሳች። የጫት ተራውን ስናልፍ ሉባባ ሰላም ብትላት እንኳ አልሰማቻትም። ቤት ገብታ ቁርስ አቀረበችልን፣ እሷ አልቀመሰችም። «ምነው?» ሲላት አባዬ፣ «ብርድ መቶኝ ነው» አለች። እሱ አመናት። እኔ ሻዩን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

እህቴ፣ የዚያን ዕለት እንዳንቺ የተናደድኩበት ሰው የለም፤ ካንቺ ቀጥሎ በራሴ። ይሄን ሁሉ ትተሽብኝ ሄድሽ! አንቺ እዚያ አዲስ ሕይወት ጀመርሽ፤ እኔ እዚህ ዝም ካለ ቤትና ከሚያፏጭ ሞንታርቦ መሐል ቀረሁ። እዚያ በምን ስም እንደሚጠሩሽ አላውቅም። የድሮው ስምሽ ተለውጦ እንደሆነም አልጠይቅሽም፣ የራስሽ ጉዳይ ነው። እዚህ ግን ያ ስም ከሳምንት እስከ ሳምንት የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱንም የማሰማው እኔ ነኝ።

ባለፈው እሁድ አነበብኩት። የሞንታርቦውን ድምፅ ከፍ አድርጌ፣ ከነአባትሽ፣ ቀስ ብዬ። የሚያሾከሹከው አሾከሾከ። እኔ ወደ እነሱ አላየሁም፣ ወደ ጽዱ ነበር የማየው።

ሰኞ ማለዳ ስነሳ እማዬ ጓዳ ውስጥ ብቅል እያዘጋጀች ናት። አባዬ ደጁ ላይ ቆሞ አየና «ለማን ነው ይሄ?» አላት። «ለሚካኤል» አለችው። ቀና ሳትል፣ እንዲሁ ገብሱን እየበተነች። አባዬ ከእማዬ ጋር ይጣላል፣ ከእኔ ጋር ይጣላል፤ ከሚካኤል ጋር ግን ምን ብሎ ይጣላ? ኮቱን ለብሶ ወጣ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሁለታችንም አይናገርም። ኩርፊያው ይሄ ነው። ይለዝባል ብዬ አልዋሽሽም፣ እስካሁን ምንም ምልክት አላየሁበትም። ሉባባ ግን ትልልቆቹን ድስቶቿንና ለሠርግ የምታውሳቸውን ወንበሮች በወንድሟ ጋሪ አስጭና አዳራሹ በር ላይ አስወርዳለች። «የጎረቤቴ ልጅ ድግስ በባዶ አዳራሽ አይሆንም፣ አቦ!» አለችኝ፤ ለማመስገን እንኳ ፋታ አልሰጠችኝም።

ነይ አልልሽም። አትምጪም አልልሽም። እኔ በአንቺና በአባዬ መሐል ዳኛ አይደለሁም፣ ማስታወቂያ አንባቢ ነኝ። ብቻ ይህን እወቂ፦ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ታቦቱ ገብቶ አዳራሹ ሲሞላ አቶ ተስፋዓለም ተነስተው ስምሽን ይጠራሉ። ሦስተኛውን አልጠብቅም። በመጀመሪያው እነሳና «አለች!» እላለሁ። ያቺ የጫት መኪናዋ ሴትዮም እንድትሰማ ጮክ ብዬ።

ይህን ጽፌ ልሰጣት ሉባባ ቤት ስሄድ እማዬ ቀድማኝ ቁጭ ብላ አገኘኋት። አንድ ከረጢት የገብስ ዱቄትና አንድ ጣሳ ለጋ ቅቤ ለሉባባ እያስረከበች ነው፣ ላንቺ የሚመጣ። የመጀመሪያዋም አይመስለኝም፤ የሉባባ ሚዛን ሥር ሌላ ባዶ ጣሳችንን አይቻለሁ። «ገለምሶ ገብስ የለም እንዴ?» ብላቸው ተያይተው ሳቁ። «ያ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ ይሄን አያስተምሩም?» አለችኝ ሉባባ። እማዬ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ይህቺን እዚያው ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጬ እየጨመርኩ ነው።

አምላክ በያለሽበት ይጠብቅሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርገው። እማዬ ከትከሻዬ በላይ ቆማ «ማርያም ትቅረባት ብለህ ጻፍ» ትለኛለች። እንዳለችኝ ጽፌያለሁ።

ወንድምሽ
ጭሮ