ያልታጠበው ካልሲየም

ውድ ባለቤቴ አየነው፣

ልብህ ቆሞ ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ የምነግርህ ጠፍቶ አይደለም፤ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። ዛሬ ግን የምነግርህም የምወቅስህም ስላለኝ ቁጭ ብያለሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ዮናስ አግብቷል። ሚስቱ ደግ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ትንሽ ስለሆነ «አንቺ» ትለኛለች፣ እኔም ለምጄዋለሁ። እዚሁ ክርያት ሐይም፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ተከራይተዋል። ሀዳር ሰፈር እየሄድኩ የምንከባከባቸው አሮጊት ዐርፈው አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የምሠራው። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ደረጃውን ሳላርፍ እወጣለሁ። የመኝታ ቤቱን መስኮት ዮናስ አጠበቀው፣ የባሕሩ ነፋስ አያፏጭም። ልብስህን ለሰው ሰጥቻለሁ። መጽሐፍህንና መነጽርህን አልሰጠሁም።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት ሴት በሩን አንኳኳች። ሪም እባላለሁ አለችኝ። ለቅሶህ ላይ አይቻት ነበር፣ ከሰው ኋላ ቆማ ስታለቅስ፤ ማን እንደሆነች ግን አላወቅሁም። አንተ ካርሜል ተራራ ላይ የብርጭቆ ዕቃ ታጥብበት በነበረው ቤተ ሙከራ ለዶክትሬት ትማር የነበረችው ዐረብ ልጅ ናት። ሻይ አቀረብኩላት። አንዴ ፉት አለችለትና በዕብራይስጥ፣ «ባለቤትሽ ያን ክረምት ምን እንዳደረገ ነግሮሽ ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ያን ክረምት ስትል ደነገጥሁ። የትኛውን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

አንተም አትረሳውም። ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ሆኜ ሁለት ወር ተኝቼ ነበር። በጊዜ እየመጣህ ወጥ ሠርተሃል፣ ደግፈህ ሽንት ቤት ወስደኸኛል፣ እግሬን አጥበሃል። ልክ ቆሜ መሄድ ስጀምር ግን ዝም አልክ። ከሥራ ትመጣለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ግድግዳ ታያለህ። አንድ ዓርብ ጠዋት የሻይ ውሃ ማፍያውን ውስጥ በማንኪያ ፍቀህ ነጩን ቅርፊት መዳፍህ ላይ አድርገህ ስታየው አገኘሁህ። ምን ሆነሃል ብልህ፣ «ምንም፣ ቤሰደር፣ ደህና ነኝ» አልከኝ። ምንም ያልሆነ ሰው እንደዚያ አይቀመጥም። እኔን ማስታመም ያስመረረህ መሰለኝ። ሻንጣዬን ይዤ ቲራት ካርሜል እኅቴ ዘንድ ሄድሁ። አሥራ ሁለት ቀን! ዮናስ «እናቴን አንተ ነህ ያስወጣሃት» ብሎ ሲጮህብህ እንኳ አልመለስክለትም። መጥተህ «ነይ፣ ቤታችን እንግባ» አልከኝ፤ መጣሁ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ስለዚያ አንድ ቃል አልተነፈስንም።

ሪም ወረቀት ጠይቃኝ ሳለችልኝ። እያንዳንዱ ሕዋስ ስስ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ላይ አንድ ፕሮቲን ተሰክቷል፤ ሽፋኑን አሥር ጊዜ ወዲያና ወዲህ እያቋረጠ የተጣጠፈ ነው። መካከሉ ላይ ሶዲየምና ካልሲየም የሚያርፉበት ቦታ አለ። አንዴ ወደ ውጭ ይከፈታል፣ አንዴ ወደ ውስጥ፤ በሁለቱም በኩል ባንድ ጊዜ አይከፈትም። ሦስት ሶዲየም ያስገባል፣ አንድ ካልሲየም ያስወጣል። ሶዲየም ውጭ በብዛት ስላለ ለመግባት ይገፋል፤ ካልሲየሙ የሚወጣው በዚያ ግፊት ነው። ልብ በመታ ቁጥር ካልሲየም ይገባና ጡንቻው ይኮማተራል። ጡንቻው እንዲላላ ከውጭ የገባው ተመልሶ መውጣት አለበት፤ በአብዛኛው የሚያስወጣውም ይኸው ፕሮቲን ነው። ከታች ደግሞ ወደ ሕዋሱ ውስጥ የተንጠለጠለ ትልቅ ክፍል አለው። ውስጥ ያለ ካልሲየም ያን ክፍል ሲነካው ፕሮቲኑ ይነቃል፤ ካልነካው ይተኛል።

የእሷ ጥናት ስለዚያ ክፍል ነበር። ካልሲየም የሌለበት ውሃ አዘጋጅታ ፕሮቲኑ ሲተኛ ልታይ ብትሞክር አልተኛ አላት። ደጋግማ ብትሞክርም ያው ሆነ። ማንም ያላየውን ያገኘች መስሏት ደስታዋን አልቻለችውም። አንተም ዕቃ ልትወስድ ገብተህ ምን እንዲህ አስደሰተሽ አልካት፤ ለእኔ እንዳስረዳችኝ ሁሉ አስረዳችህ። ሰምተህ ስትጨርስ የጠየቅኻት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤

«ካልሲየም የቧንቧ ውሃ ውስጥ አለ?»

«ሞልቶ! የሻይ ማፍያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ምን መሰለህ» ብላ እንደመለሰችልህ ነገረችኝ ሪም።

ዕቃው በሳሙና፣ ቀጥሎ በቧንቧ ውሃ፣ በመጨረሻ ሦስት ጊዜ በተጣራ ውሃ መታጠብ ነበረበት። የተጣራው ውሃ እንደ ክር ቀጥኖ የሚወርድ፣ ሰዓት የሚበላ ነው። እኔ አልጋ ላይ በነበርኩበት ጊዜ አንተ የመጨረሻውን እጥበት እየዘለልክ የአሥሩን ባቡር ትይዝ ነበር። እኔ ዘንድ ለመድረስ። ልማድ ሆኖብህ ከተነሳሁ በኋላም ቀጠልክበት፤ የቧንቧው ካልሲየም ብርጭቆው ላይ እየቀረ የሪምን ፕሮቲን አላስተኛ አለ።

ሁለት ሳምንት ፈርተህ ከረምክ። አንድ ማለዳ፣ ካፖርትህን ሳታወልቅ ፊቷ ቆመህ፣ «ሪም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ብርጭቆውን በደንብ አላጠብኩትም» አልካት። ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ የወራት ሥራዬን አጠፋህብኝ አለችህ። የዕቃ ክፍሉ ኀላፊ ይባረር አለ። የቤተ ሙከራው አለቃ ግን፣ «ስሕተቱን የነገረንን ሰው ካባረርን ከእንግዲህ ማን ይነግረናል?» አሉ። አንተም ያለውን ዕቃ ሁሉ፣ አንዲት ጠርሙስ ሳትቀር፣ በአሲድ ዘፍዝፈህ በተጣራ ውሃ እንደገና አጠብክ። አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብህ። በመጨረሻው ቀን ሪም ሙከራዋን ደገመች፤ ፕሮቲኑ ተኛ። «ተኛልሽ?» ብለህ ጠይቀህ፣ አዎ ስትልህ እጅህን ፊትህ ላይ አድርገህ አለቀስክ አለችኝ። ከዚያ በቀጥታ ነበር ወደ ቲራት ካርሜል የመጣኸው።

ተናድጄብሃለሁ፣ አየነው። ለምን አልነገርከኝም? በእኔ ምክንያት እንዳልል ፈርተህ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ባል በአፉ ያልነገራትን ሚስት በልቧ ትሞላዋለች፣ የሞላሁትም ክፉ ነገር ነበር። እኔም ጥፋተኛ ነኝ። አንድ ጊዜ ጠየቅሁህ፤ ሁለተኛ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር። ይቅር በለኝ፤ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ።

ሪም ልትሄድ ስትነሳ አላስችል ብሎኝ ጠየቅኋት፤ የአንተን ልብ ያቆመው ያ ፕሮቲን ይሆን? የማታውቀውን ልታጽናናኝ ብላ አላወራችም። «አላውቅም። ልብ ውስጥ ብዙ ነገር አለ» አለችና አቀፈችኝ። ያንን ቃሏን ከሰማኋቸው ማጽናኛዎች ሁሉ ወደድኩት።

ዮናስ ያን ክረምት ዛሬም በሆዱ ይዞታል። በሠርጉ ዕለት ስለ አንተ ሲናገር ትጋትህን አነሳ፣ ሣቅህን አነሳ፣ እዚያ ጋ ሲደርስ ቃሉ ዕጥር አለ። እኔ አውቄበታለሁ። የፊታችን ዓርብ ከሚስቱ ጋር ይመጣሉ። ከእራት በፊት አስቀምጬ ሁሉንም እነግረዋለሁ፤ ዕብራይስጥ ሲያስፈልግ በዕብራይስጥ፣ ልጅቷም እንድትሰማ። ሲያለቅስ አልከለክለውም።

ልጅ ከወለዱም ለልጁ እነግረዋለሁ። አያትህ ዕቃ አጣቢ ነበር፣ አንድ ጊዜ ተሳሳተ፣ ማንም ሳይዘው ራሱ ሄዶ ተናገረ እለዋለሁ። ስምህን በጠራሁ ቁጥር ያን ክረምት እዘልለው ነበር። ከእንግዲህ ከዚያ እጀምራለሁ።

ሚስትህ
ዘውዴ