ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ሕንፃ

ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ነህልኝ አባዬ? ጉልበትህስ? እማዬ ደረጃ እንዳትወጣ ከልክላህ፣ አንተ ደግሞ ገበያ እስክትወጣ ጠብቀህ ጣራ ልታይ እንደምትወጣ ሰምቻለሁ። ማን እንደነገረኝ አልነግርህም፤ ብቻ ተው። እኔ ደህና ነኝ። የዛሬው ደህና ነኝ የምሬን ነው።

ይህን በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን አንተና ስልክ ትተዋወቃላችሁ፤ ደህና ነሽ ወይ ትልና መልሱን ሰምተህ ሳትጨርስ፣ እንቺ እናትሽን አነጋግሪ ብለህ ታቀብላታለህ። ደብዳቤ ግን ለማንም አታቀብልም። ቁጭ ብለህ አንብብልኝ።

በበጋው አጋማሽ ላይ ሥራዬን ልለቅ ቆርጬ ነበር። አዎ፣ ያንን አንተ ዕድሜህን የጨረስክበትን፣ እኔም በዚያው ባንክ በሕንፃ ብድር ክፍል ተመደብኩ ስልህ ጎረቤት እስኪሰማ የሳቅክበትን ሥራ። የብድር ኮሚቴው ፊት ቆሜ የአንድ መጋዘን ጉዳይ ሳስረዳ ድምፄ ጥፍት አለ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ የያዝኩት ወረቀት መንኮሻኮሽ ጀመረና ሰው ሁሉ እኔን ትቶ ወረቀቱን አየ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ደሜ ታየ፣ ልቤ ታየ፣ ምንም የለብሽም ተባልኩ። ምንም የለብሽም መባል እንዲህ ያናድዳል እንዴ! ለእማዬ በስልክ ትንሽ ነካክቼ ስነግራት አንተ ከጎኗ ሆነህ፣ ሥራ ነው፣ ቻል ታድርገው በያት ስትል ሰማሁህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ተቀየምኩህ። ማታውኑ የሥራ መልቀቂያዬን ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛው ተጨናንቋል ብሎ አንዲት የትንፋሽ አስተማሪ አመጣልን። ጉድ በል አባዬ፣ ይህን ያህል ዕድሜ ስንተነፍስ ኖረን ገና ልንማር! ዓይናችሁን ጨፍኑ ስንባል አለቃችን የምሩን ጨፍኖ አንኮራፋ። መሐንዲሳችን ደግሞ ትንፋሹ መያዣ ይጠየቅበት እንደሆነ ጠይቆ አሳቀን። ሴትዮዋ አብራን ሳቀችና አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ የት ናችሁ ብላ ጠየቀች። እዚሁ ነን ብለን ተንጫጫን። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። የሚቀጥለው ኮሚቴ ፊት ቆሜ ድምፄ ሲጠፋ እያየሁ ነበር። ሳስበው ደግሞ ስበላም፣ ስተኛም፣ ከጓደኞቼ ጋር ስጫወትም እዚያው ነው የምውለው።

የሚቀጥለው ኮሚቴ ላይ የማቀርበው የአንድ ንግድ ሕንፃ ጉዳይ ነበር። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ከታች ያሉት ሱቆች ተከራይ አጥተው ጾማቸውን ያድራሉ፤ ላይኛው ፎቅ ሳያልቅ ቆሟል። ተጨማሪ ብድር ካላገኙ ሕንፃው ሐራጅ ሊወጣ ነው። የእኛ ሰዎች በሙሉ አካባቢው ንግድ የለውም ብለው ፈርመዋል፤ እኔም ያንኑ ልደግምና መልቀቂያዬን ልሰጥ ነበር። መሰናበቻ ይሁነኝ ብዬ ሕንፃውን ላየው ተነሣሁ። ጠዋት መኪናውን አለቃችን ይዞት ስለሄደ ከሰዓት በኋላ በእግሬ ሄድኩ።

በሩ ላይ ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩና እስቲ እዚሁ ልሁን አልኩ። ሐሳቤ ገበያ መሐል እጅ እንደሚያስለቅቅ ሕፃን እየሮጠ ያስቸግረኛል፤ እኔም ሳልቆጣው እየሄድኩ መመለስ ነው። ከብዙ መመላለስ በኋላ ፀሐዩ ፊቴን እየጠበሰኝ መሆኑ ገባኝ። ቀና ስል ከመንገዱ ጫፍ የሚመጣው ሰው ሁሉ ሕንፃው ጋ ሊደርስ ሲል ወደ ማዶው ጥላ ይሻገራል። ልጅ ያዘለችውም፣ ተማሪውም፣ ክራባት ያሰረውም። ሰው ሞልቶ ተርፏል፤ የሚሸሸው ፀሐዩን ነው! ብቻዬን ሳቄ አመለጠኝ። ባለቤቷ ወጥተው አንቺ ልጅ ፀሐይ መታሽ እንዴ ብለው ውሃ አመጡልኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቤ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው፤ ውሃው ራሱ ጣፈጠኝ።

ኮሚቴው ፊት ስቀርብ እጄ እንደ ልማዱ ጀመረ። ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ሁለት እግሬን መሬት አስረግጬ፣ ሁለቱንም እጆቼን ሁሉም በሚያየው ቦታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። ይንቀጥቀጡ አልኩ። ከዚያ ሕንፃውን መቼ እንዳዩት ጠየቅኳቸው። ሁሉም ያዩት ጠዋት ነው፣ ፊቱ ጥላ ሲሆን፣ ያውም በመኪና መስኮት። አሠራሩን ታውቀዋለህ፤ መኪናው አንድ፣ ሕንፃው ብዙ፣ ጠዋት በጥድፊያ ታይቶ ከሰዓት ወረቀት ላይ ያልቃል። መጀመሪያ ከሱቆቹ ፊት ጥላ ያለው በረንዳ ይሠራ፣ ተከራይ ሲገባ የፎቁ ብድር ይለቀቅ አልኩ። ተከራከሩ፣ ቆራረጡት፣ በመጨረሻ ተስማሙ። ድምፄም እስከ መጨረሻው አብሮኝ ነበር።

አሁን በረንዳው ተሠርቷል። ፀጉር አስተካካይ ገባ፣ ልብስ ሰፊ ገባች፣ መነጽር ሻጩ ከማዶ ተሻግሮ መጣ። መልቀቂያዬን ቀደድኩት። በእኛ ክፍል ዛሬ ማንም ሰው ከሰዓት በኋላ ሕንፃው ደጃፍ ሳይቀመጥ መዝገብ አይከፍትም፤ እኔንም «ቁጭ በሉ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውልኛል። ድኛለሁ አልልህም፤ እጄ አሁንም የሚነሣበት ቀን አለ። ግን ሥራዬን ወደድኩት አባዬ። ከእያንዳንዱ መዝገብ ኋላ በር እንዳለ፣ በዚያ በር ሰው እንደሚገባና እንደሚወጣ እያየሁ ነው የምሠራው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከስብሰባው በኋላ ሰብሳቢያችን፣ ያ ጡረታ የደረሰው፣ ለብቻዬ ጠራኝ። ድሮ እጆቹ እንዳንቺ የሚንቀጠቀጡ አንድ ጎበዝ ሰው ነበር፣ ስብሰባ በገባን ቁጥር ከጠረጴዛው ሥር ይደብቃቸው ነበር፣ ምነው እሱም እንዳንቺ አውጥቶ ባስቀመጣቸው አለኝ። ስሙን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ልጅ ሆኜ ታስታውሳለህ፣ አንተ ሻይ ስትጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጅህ ጥብቅ አድርገህ ነበር የምትይዘው። በበጋም። አባዬን እጁን ይበርደዋል እል ነበር።

ቻል ታድርገው ያልከው ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል፤ አልቀየምህም። ጉልበትህ ሲሻልህ ና። በረንዳው ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አስቀምጠዋል፤ ከሰዓት በኋላ እንቀመጥና የሚያልፈውን ሰው እያየን እንውላለን። ወሬ ባይኖረንም ግድ የለም። ሻይ አዝዛለሁ፤ ብርጭቆውን በአንድ እጅህ ያዘው፣ ቢፈስም ይፍሰስ።

ፈጣሪ ጤናህን ይመልስልኝ፣ ዕድሜህን ያርዝምልኝ። እማዬን ሳምልኝ።

በእጇ አንተን የመሰለችው ልጅህ