ሦስቱም ገቢያችን በአንድ ሳምንት ለምን ቆመ?

ወንድምዓለም፣ አንተን ነው የማናግረው። ወረቀቱን አጣጥፈህ ኪስህ ከመክተትህ በፊት ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው። በስልክ ስይዝህ «ተቆራረጠብኝ፣ አይሰማም» እያልክ ታመልጠኛለህ። ወረቀት ግን አይቆራረጥም።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክ? ወገብህ ተሻለህ? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗን አሳየችው ወይስ ዛሬ ነገ እያለች ነው? ሚስትህ፣ ልጆቹ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ? እኔ አለሁ። ፊደሌ የተንጋደደው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። የቀኝ እጄ ሦስት ጣቶች መስማት ካቆሙ ሁለት ወር አለፋቸው። በመርፌ ብወጋቸው የሌላ ሰው ጣት ነው የሚመስሉኝ። ሐኪሟ «የእንፋሎት ካውያው ነው፣ ካላረፍሽ አይመለስም» አለችኝ። እሺ ብያት ወጣሁና ወደ ልብስ ማጠቢያው ተመልሼ አንሶላ ማጠፍ ቀጠልኩ።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። የዛሬ ስድስት ዓመት ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ማንም አላስተማረኝም። እያተኮስኩ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ስለ ንግድ የሚያወሩትን ስሰማ፣ «በቃ፣ ቤተሰቡ በኔ ደሞዝ ብቻ ተንጠልጥሎ መኖር የለበትም» አልኩ። አንዱ ገቢ ቢቆም ሌላው እንዲያኖረን አልኩህ። አንተም «አንቺ እኮ ሚኒስትር መሆን ነበረብሽ» ብለህ አሞገስከኝ። ወፍጮው ተተከለ፣ ልብስ ስፌት ቤቱ ተከፈተ፣ ከግቢው ኋላ ሦስት የኪራይ ክፍሎች ተሠሩ። የመጨረሻዋን፣ መስኮቷ ወደ ጓሮ የሚያየውን ክፍል፣ «ስመለስ የምገባባት ናት፣ እስከዚያ አከራያት» አልኩህ። ሌላ ነገር ጠይቄህ አላውቅም።

እንግዲህ እጄ ሲደነዝዝ የማጠቢያው ቀጭኑ አለቃዬ ሰዓቴን ቆረጠብኝ። ማታ ማታ የማጸዳው ቢሮም መጥረጊያውን አጥብቄ መያዝ ሲያቅተኝ አሰናበተኝ። ቅዳሜና እሁድ የማነሳት የማስቀምጣት አሮጊትም ልጇ መጣችና «ትጥያታለሽ ብዬ ፈራሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እጥላታለሁ። ሁለት ወር ብር አልላክሁም። አልተጨነቅሁም፣ ሦስት ገቢ አለን ብዬ።

ከዚያ እማዬ ደወለች። የዋህ ናት፣ ስሞታም አልመሰላትም። «ልጄ፣ ልብስ ሰፊዋ ደሞዝ ስላልተከፈላት ኪራይ አልሰጠችም። ኪራይ ስላልገባ የተበጠሰው የወፍጮው ቺንጋ፣ ያ ማዞሪያ ቀበቶው፣ አልተገዛም። ወፍጮው ስለቆመ ደግሞ የሰፊዋ ደሞዝ ከየት ይምጣ? ሦስቱም በአንድ ሳምንት ቆመው እኔ መላ ቅጡ ጠፋኝ» አለችኝ።

እኔ ግን ገባኝ። ሰፊዋ የኛ ሠራተኛ፣ የኛው ተከራይ፣ እህሏንም የምታስፈጨው እኛው ጋ። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ያለው የራሳችን ወፍጮ ሠራተኛ። በኔዋ ክፍል የገባው የአጎታችን ልጅ «ተቆጣጣሪ» ነው፤ ምን እንደሚቆጣጠር እግዜር ይወቅ፣ ኪራይ ግን አይከፍልም። ዘመድ ሁሉ ይሉኝታህን ስለሚያውቅ በነፃ ያስፈጫል፣ በነፃ ያሰፋል። ከአጥር ውጭ ካለ ሰው የሚገባ ነገር የለም! የራሳችንን ብር ከእጅ እጅ ስታዞሩት ኖራችሁ፣ ሲያንስ እኔ እሞላዋለሁ። ሦስት ገቢ ያልነው ለካ የኔ ደሞዝ ሦስት በር ተሠርቶለት ነው።

ድሮ ቢሆን ጮሄ ጎረቤት እሰበስብ ነበር፣ ታውቀኛለህ። አሁን ስልኩን አስቀመጥኩና የትራስ ልብስ ማጠፍ ጀመርኩ። አርባ ምናምን አጠፍኩ። አላለቀስኩም፣ አልተሳደብኩም። ደግሞ አንተን ብቻ ምን እላለሁ? እኔስ ሦስት ሥራ አለኝ ብዬ ስኩራራ፣ ሦስቱም የቆሙት በአንድ እጅ ላይ መሆኑን መች አየሁት?

ዝም ያላልኩበት ነገር ሌላ ነው። ሁሉ በተሰበሰበበት አጎታችን ቤት «እህቴ ሰው አገር ስትቆይ ከፋች፣ ቆረጠችን፣ ሥራው በሷ ምክንያት ወደቀ» ብለሃል። የአጎታችን ሚስት ቃል በቃል ነግራኛለች፣ እሷን እንዳትቆጣት። የታመመ እጄን አንድም ቦታ አላነሳህም። ክፍሏን ስጠይቅህም «ቤቱ ሞልቷል፣ ደግሞ እዚያው ብትቆዪ ነው የሚበጅሽ» አልከኝ። እዚህ በምን ልቆይ? ኪራዩን መክፈል ስላቃተኝ የምተኛበትን አልጋ እስከ ወሩ መጨረሻ እለቃለሁ። ሌላ የምገባበት የለኝም።

ቺንጋው ይገዛ። ዘመድም እንደ ማንም ከፍሎ ያስፈጭ። ስፌት ቤቱም ከሰፈር ውጭ ደንበኛ ይፈልግ። ተቆጣጣሪውም ሄዶ ሌላ ቦታ ይቆጣጠር። ይህን ከመጣሁ አፍ ለአፍ እንጨርሰዋለን።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ በላት ለሚስትህ፣ ስለ እጄ ግን አታስደንግጧት። ሚስትህን እህቴ ናት በላት፣ ከሷ ቂም የለኝም። ትልቁ ልጅህ ትምህርቱን ይበርታ፣ ትንሿን አኩራፊዬን ጉንጯን ሳማት። ሰፊዋንም ሰላም በልልኝ፣ ምንም አላጠፋችም።

ከጓዳ ጠርተህ አታንሾካሹክልኝ፣ በስልክም አልሰማህም። እሁድ አጎታችን ቤት ሁሉም ሲሰበሰብ ተነሥና ይህን ወረቀት ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው። ከዚያ እኔን ስታማ በቆምክበት ቦታ ቆመህ መልስ፦ ሥራውን የጣለው ማነው? ያቺ ክፍልስ የኔ ናት ወይስ አይደለችም? እማዬ እየሰማች ተናገር!

እህትህ
ከልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት
ማክሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን