ሦስት ጣት ብቻ የሚሰማ ኪቦርድ

እንጅባራ፣ መስከረም 18 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለቀኝ ጎን ባልደረባዬ፤
ዳንግላ

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እንደምን ከረምህ? ክረምቱ እንዴት ያዘህ? እናትህ ወገባቸውን ተሻላቸው ወይ? መስቀልስ እንዴት ዋለ? እኔ፣ አባቴ፣ እናቴ፣ ያች ተዋጊ ላማችን ሳትቀር፣ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይኸውልህ፤ ድምፁን አጥፍቶ ለከረመ ሰው እንኳ እንዲህ ተብሎ ነው የሚጀመረው። አንተ ግን ስምንት ወር ሙሉ፣ ጳጉሜንም ጨምረህ፣ ዝም ብለህ ከርመህ ባለፈው ዓርብ በስልኬ የላክኸው ቃል ይህ ነው፦ «ለዚያ ለመኪና ጦርነት ጌም ጆይስቲክ ይሻላል ወይስ ኪቦርድ?»

በቃ፣ ይኸው ነው። ሰላም ነሽ ወይ የለ፣ አባትሽ እንዴት ናቸው የለ። መቼም ኔትወርኩ ግማሹን አስቀርቶት ይሆናል ብዬ ስልኬን ይዤ እስኪመሽ ጠበቅሁ። የቀረው ግማሽ አልመጣም። «ዝም አይነቅዝም» ያለው ሰው የአንተን ዝምታ አላየም፤ ስምንት ወር ተቀምጦ ነቅዟል።

በስልክ እንዳልመልስልህ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ቃል ተናግሬ እዘጋብሃለሁ። ስለዚህ ወረቀት ያዝሁ። አሠሪያችን እትዬ ውዴ ነገ ወረቀትና ቀለም ሊገዙ ዳንግላ ስለሚወርዱ በእጃቸው ይደርስሃል። እንዳያነቡት ለምኛቸዋለሁ፤ ስለዚህ ሚኒባሱ አዲስ ቅዳም ሳይደርስ አንብበው እንደሚጨርሱት እርግጠኛ ሁን።

ጌም ቤት ልትከፍት መሆኑን እኔም ሰምቻለሁ። ከጋሪ መቆሚያው ፊት ለፊት ነው አሉ። ይቅናህ። እኔ እንደሆንሁ ያው እዚያው ነኝ፤ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን የሰው ማመልከቻ ስንጽፍበት በነበረው በእትዬ ውዴ ጽሕፈት ቤት። ያ አሮጌ ኮምፒውተርም አለ፤ ማን እንደጫነበት የማይታወቀው ጌምም አለ። መኪኖቹ ዛሬም ጣሪያቸው ላይ መትረየስ ጭነው በበረሃው ይተላለቃሉ። ደንበኛ ሲጠፋ ስክሪኑን ለሁለት ከፍለን፣ ኪቦርዱንም ለሁለት ተካፍለን፣ አንተ በቀኝ በቀስቶቹ፣ እኔ በግራ በፊደሎቹ እንጫወት ነበር። «እናንተ ልጆች፣ ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ሰው ቢያያችሁ ምን ይላል?» ይሉን ነበር እትዬ ውዴ፤ ራሳቸው ከኋላችን ቆመው ማን እንደሚያሸንፍ እያዩ።

እንግዲህ ጥያቄህን በአግባቡ ልመልስ። ሰው ሲጠይቀኝ አጣርቼ መመለስ ልማዴ መሆኑን ታውቃለህ። ቅዳሜ ጠዋት ከመናኸሪያው አጠገብ ካለ አንድ ጌም ቤት ጆይስቲክ ተውሼ አመጣሁ። አቤት ያየሁት መከራ! መጀመሪያ ነገር፣ ጌሙ ጆይስቲክ የሚባል ዕቃ በዓለም ላይ መኖሩን አያውቅም። ቁልፉን አንድ በአንድ አስተማርሁት፤ ይህ ነዳጅ፣ ይህ ፍሬን፣ ይህ ተኩስ ብዬ። ገና አንድ ዙር ሳልጨርስ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ ጌሙ ሁሉንም ረስቶታል። እንደገና አስተማርሁት። ደግሞ የግራው ዱላ ጎማው አልቆ መኪናዬ ማንም ሳይነካት ወደ ግራ ትሄዳለች። ተኩስ ያልሁት ፍሬን ሆነ፣ ፍሬን ያልሁት ተኩስ ሆነ፤ ሮኬት በመጣብኝ ቁጥር ቀጥ ብዬ ቆሜ እቀበለዋለሁ። እትዬ ውዴ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው «በቅሎ እየገራሽ ነው እንዴ?» አሉኝ። የሰው ዕቃ ባይሆን ኖሮ በመስኮት ነበር የምወረውረው።

ግን እውነቱን መናገር አለብኝ። ሁለት ደኅና ጆይስቲክ ከተገኘና ጌሙም አንዴ ከለመደው፣ ለጌም ቤት የሚሻለው ጆይስቲክ ነው። ሁለት ሰው ሁለት ጆይስቲክ ይዞ፣ አንዱ የሌላውን ክርን ሳይነካ፣ እንደ ልቡ ይተኩሳል። ደብዳቤውን እዚህ ላይ ብዘጋው ጥሩ ነበር። ነገር ግን ኪቦርዱንም ላጣራ ብዬ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ተቀመጥሁ፤ መቀመጤ ነው ጉዱ።

«ተኩሼ አልተኮሰልኝም!» እያልሁ የምጮኸውን ታስታውሳለህ። አንተ «እጅሽ ነው» ትለኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ተቀበልሁ። ቅዳሜ ግን ባዶ ገጽ ከፍቼ አራት ፊደል ባንድ ጊዜ ተጫንሁ። ሦስት ወጣ። ሌላ አራት ሞከርሁ፤ አሁንም ሦስት። ወደ ጌሙ ተመልሼ በሁለት እጄ ለሁለታችንም ተጫወትሁ። አንተ ነዳጅና መሪ ከያዝህ፣ እኔ ነዳጅ ከያዝሁ፣ ሦስት ሞላ። የእኔ ተኩስ አራተኛ ነው፤ ቁልፉን ብቀጠቅጠውም ኪቦርዱ አይሰማውም። ጥፋቱ የእጄ አልነበረም።

መጀመሪያ በጣም ተናደድሁ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ሁሉ እያሸነፍኸኝ፣ ስትንጠባረርብኝ፣ ለካ አፌን ይዘኸኝ ኖሯል አልሁ። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ኋላ ማሸነፍ ጀምሬ አልነበረም? ከካቻምና ሰኔ ጀምሮ እስክትሄድ ድረስ እኮ አንድም ቀን አላሸነፍኸኝም። በጎበዝነቴ መስሎኝ ለመጣው ሁሉ አውርቻለሁ። አንተ በጦርነቱ መሀል ድንገት ቀጥ ትላለህ፤ እኔ ደግሞ «የዳንግላ ጋሪ ፈረስ! ገብስ ያየ ይመስል ይቆማል!» እያልሁ እስቅብሃለሁ። ቀጥ የምትለው ሁልጊዜ እኔ ልተኩስ ስል ነበር። የኪቦርዱን ጠባይ ከእኔ በፊት ደርሰህበት፣ ተኩሴ እንዲሰማ ብለህ ጣትህን እያነሳህ፣ በእኔ ሮኬት ስትቃጠል ከርመሃል። ስሳለቅብህ እንኳ ትንፍሽ አላልህም።

ምናለ ብትነግረኝ? አንድ ቃል፣ አንድ ቀን፣ ምናለ? ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ይደብቃል? እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እትዬ ውዴ ምን ሆንሽ ቢሉኝ የቀለሙ ሽታ ነው አልኋቸው።

ዝምታህን ካነሳሁ አምና በጥር ወር የሆነውንም ልናገር። ሽማግሌ ላክህ። ጋሽ አየነውና ሁለት ሌሎች የዳንግላ ሰዎች ጋቢያቸውን አስተካክለው ከግቢያችን ቆሙ። አባቴ «ልጄ ገና ናት፤ ሌላ ቤት ብትሞክሩ ይሻላል» አለ። እነሱም «ቁርጡን ነገረን» ብለው ተመለሱ። ቁርጥ! ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ «ገና ናት» ሲባል እናቴ እንኳ በጓዳ ሆና ሳቋን በነጠላዋ ነው ያፈነችው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ከወዴት ይመጣል? ልጁን የጠላ ይመስልበታል እኮ። ይህን አንተም ታውቃለህ፣ ሽማግሌዎችህም ያውቃሉ። ነገሩ የከበዳቸው አባቴ ሲናገር ፊቱ ስለማይፈታ ነው አሉ።

እናንተ ያላወቃችሁት ግን የአባቴን ነው። አባቴ የልቡን ሲናገር በአውንጊ፣ በአገውኛችን ነው። በሬ ሲጠፋበት በአውንጊ ነው፣ ሲመርቅ በአውንጊ ነው፣ እኔን ሲቆጣኝማ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ በአውንጊ ነው። አማርኛውን የሚያወጣው ለቀበሌ፣ ለግብርና ሠራተኛና ለወግ ነው። የዚያን ቀን እምቢ ያለው ጥርት ባለ አማርኛ ነበር። በመሀላቸው ከእኛው ከዘንገና ወገን የሆነ አንድ አውንጊ ተናጋሪ ቢኖር ኖሮ እየሳቀ ይወጣና የመመለሻውን ቀን ይቆርጥ ነበር። ሦስት ዐዋቂ ሰው ልከህ ሦስቱም ዳንግላዎች!

ማግሥቱን መጥተህ በቀኝ በኩል ተቀመጥህ። ጌሙ ተከፍቷል፤ አንዳችንም አልነካነውም። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኸኝ። እዚህ ላይ የእኔ ጥፋት ይመጣል። «አባቴ ያለውን ነግረውህ የለ?» አልሁህ። እንደገና ላካቸው ማለቴ ነበር። ሴት ልጅ አፍ አውጥታ ሽማግሌ ላክልኝ አትልም እየተባልሁ ነው ያደግሁት። ደግሞም ኮርቼ ነበር፤ ትንሽ ቢለምነኝ ብዬ። አንተ «እሺ» ብለህ ጃኬትህን አነሳህ። በሳምንቱ ዳንግላ ገባ ሲሉ ሰማሁ። ስንት ጊዜ ጣትህን አንስተህልኝ ኖሮ፣ የእኔ ተራ ሲደርስ አላነሳሁልህም። ይቅር በለኝ። ይህችን መስመር ለመጻፍ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ።

አሁን ደግሞ ስማኝ። በነሐሴ ከአዲስ ቅዳም የአንድ ከሰል ነጋዴ ሽማግሌዎች መጡ። አባቴ ያንኑ «ገና ናት» አላቸው፣ በዚያው አማርኛ። እነሱ ግን እንደ እናንተ አይደሉም፤ እየተሳሳቁ ወጡ፤ መመለሻቸውንም እሁድ መስከረም 30 ብለው ቆርጠዋል። ሁለተኛ ለመጣ ሽማግሌ አባቴ መልስ ይሰጣል። ሰውየው ክፉ አይደለም ይላሉ። አንድ ጊዜ ጽሕፈት ቤት መጥቶ ኮፒ ሲያስደርግ ኪቦርዱን አየና «ይህን አሮጌ ለምን አትጥሉትም?» አለ። ትክክል ነው፤ ግማሹ ፊደል ተፍቋል። እትዬ ውዴም እሁድ ዕለት ለመስቀል ብለው አዲስ ገዙ። አሮጌውን ሊጥሉት ሲሉ ለእኔ ይሁን ብዬ ወሰድሁት። አሁን በፌስታል ተጠቅልሎ ሳጥኔ ውስጥ፣ ከጥምቀት ቀሚሴ በታች ነው። እናቴ «ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «የሥራ ዕቃ ነው» አልኋት። አላመነችኝም።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላልና መልሴን እንካ። ለጌም ቤትህ ጆይስቲክ ግዛ፤ ለደንበኛ የሚሆነው እሱ ነው። ለአንተና ለእኔ ግን ኪቦርድ፣ ያውም አሮጌው። በእትዬ ውዴ እጅ ግን አልክልህም። ከፈለግኸው የሚያመጡልህን ሰዎች ላክ። አንተ ራስህ እንዳትመጣ፤ ነውር ነው። ሦስት ሰው ይበቃል። በመጪው እሁድ፣ መስከረም 23፣ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ከግቢ አይወጣም። ለጋሽ አየነው ንገራቸው፤ በአማርኛ ምንም ቢላቸው እንዳይደነግጡ።

እግዚአብሔር ለእናትህ ጤና፣ ለቤትህ ገበያ፣ ለአንተም አንደበት ይስጥህ። አዲሱ ዓመት ዝምታህን ይዞት ይሂድ።

በግራ በኩል የምትቀመጠው

ልረሳው ነበር። ትናንት የመስቀልን ምሳ ስንበላ አባቴ ቀና ብሎ አየኝና «እነዚያ የዳንግላ ሰዎች መንገዱ ጠፋቸው እንዴ?» አለኝ። በአውንጊ ነው የጠየቀኝ።