የልጄ ድምፅ ከቁልፍ ይውጣ

ሙሉ ስሜ በመታወቂያዬ ላይ አለ፤ ጸሐፊው ከዚያ ይገልብጡት። የሰፈር ሰው ግን የሚያውቀኝ እማማ ካውያ በሚለው ስም ነው፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስተኩስ ነውና። ዛሬ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ተደግፌ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እናገራለሁ። ሳንባዬ ከድቶኛል፤ ልቡናዬ ግን አልከዳኝም። ይህንንም መተንፈሻውን አፍንጫዬ ላይ ያደረገችልኝ ነርስ እዚሁ ተቀምጣ ትመሰክራለች። «ደክመዋል እማማ፣ ነገ ቢሆንስ?» ብላኝ ነበር። ነገ የማን ነው አልኋት።

ጸሐፊዬ ጡረታ የወጡት ጎረቤቴ መምህሩ ናቸው። ቃሌን እያሳመሩ እንዳይጽፉት አስምያቸዋለሁ። እንደ ወረደ ይጻፍ።

አንደኛ፣ ስለ ሬሳዬ። ብዙ ንግግር አይደረግ። በሕይወቴ ደጄን ረግጦ የማያውቅ ሰው ሬሳዬ አጠገብ ቆሞ ስለ ደግነቴ አያውራ። መዘመር የምትፈልጉ ዘምሩ፤ ብቻ አታንዛዙት፣ የእኔ መዝሙር ሲጓተት ያናድደኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ቤቴ። ይህ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከነጓሮው፣ ከነዕቃው የልጄ ነው። ልጄ የምለው በሕይወት የቀረኝን አንዱን፣ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛውን ነው። አሁን በሩ ላይ ቆሟል፤ ተቀመጥ ብለው እምቢ አለኝ። በመካከላችን ቅራኔ እንዳለ ከምስክሮቼ የተሰወረ አይደለም፤ ምክንያቱንም ከታች እናገራለሁ። ቤቱን ግን የቅራኔው መያዣ አላደርገውም። እሺ ቢለኝም እምቢ ቢለኝም ቤቱ የእሱ ነው። እናት ልጇን በጣሪያ አታስፈራራም።

ግራጫው ካፖርቴ ግን ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ይሰጥ። ጨርቁ ባለቀ ጊዜ ገልብጣ የሰፋችልኝ እሷ ናት፤ ከእንግዲህ ለራሷ ትገልብጠው። «ኧረ እማማ፣ ገና ይለብሱታል!» ትላለች እዚህ ተቀምጣ። አንቺ ደግሞ! ውሸት አትቻይም፣ ዝም በይ።

ሦስተኛ፣ ቤቴ ያለው ኦርጋን ለቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ይሁን። መሪያቸው ምስክር ሆኖ ከፊቴ ተቀምጧል፤ ጆሮው ይስማ። የሞተችው ልጄ በታመመች ጊዜ «ሳሏ ቀረጻ ያበላሻል» ብለህ ከፊት መስመር አውጥተህ ከበሩ አጠገብ አቆምካት። እሷ ስቃ ተወችው። እኔ አልሳቅሁም፤ እስከ ዛሬም አልሳቅሁም። አሁን ግን ትቼልሃለሁ፤ ይህን ሁሉ ተሸክሜ መቃብር የምወርድበት ጉልበት የለኝም። «እማማ፣ ያኔ እኮ ልጅ ነበርኩ» አለኝ። ልጅስ አልነበርክም፣ ጢምህ ወጥቶ ነበር። ኦርጋኑን ግን ውሰድ። ከታች በኩል አንዱ ቁልፍ ይጣበቃል፤ ቀስ ብለህ ንካው።

አራተኛ፣ ስለ መዝሙሮቹ። ዋናው ነገር ይህ ነው፤ እስቲ መጀመሪያ ውኃ ስጡኝ። መምህር ውኃ መጠየቄንም ጽፈውታል አሉ። እንደ ወረደ ያልሁት እኔው ነኝ፣ ምን አደርጋለሁ።

እኔ ኖታ አላውቅም። መዝሙር ያወጣሁት በመተኮሻው ማሽን ፊት ቆሜ ነው። ማሽኑ አንሶላውን ሊጫን ሲወርድ ጩኸቱ ጆሮ ይደፍን ነበርና እስኪነሣ ድረስ ዜማዬን ዋጥ አድርጌ እጠብቃለሁ። ልጄ ከሥራ ስመለስ ከአፌ እየተቀበለች ስታጠና ያችን ዝምታ ሳትቀር ይዛ አጠናቻት። ዛሬ በየስፍራው ያሉ መዘምራን እዚያች ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «እንዴት ያለ ጥልቅ ዝምታ ነው!» ይላሉ አሉ። የእንፋሎት ማሽን ነው እኮ! እኔና ልጄ በዚህ ነገር ስንስቅ ጎናችንን ያመን ነበር። ቢሆንም ማንም እንዳያርማቸው እናዘዛለሁ። በዚያች ቅጽበት የጸለየ ካለ ጸሎቱ የራሱ ነው፤ እግዚአብሔርም ከማሽኑ ጩኸት ለይቶ ይሰማዋል።

ቃሉና ዜማው የእኔ ነው፤ ድምፁ የልጄ ነው። እሷ ስስት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ታማ ወረፋ ስትጠብቅ እንኳ አጠገቧ የተቀመጠውን ሁሉ «ብሉቱዝህን ክፈት፣ መዝሙር ልላክልህ» ትል ነበር። በኋላም ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ ጫነችው። ከሥሩም «ውሰዱት፣ ዘምሩት፣ ፈቃድ አትጠይቁኝ» ብላ ጻፈች። ይህ የእሷ ኑዛዜ ነበር፤ ሌላ የምትናዘዘው ንብረት አልነበራትም።

ከዚያ ቀድማኝ ሞተች። የሞተችው እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ነው። የክፍሏ ምልክት የተጻፈበት አንሶላ ከሌሎቹ ጋር ተጠቅልሎ ወደ ማጠቢያ ክፍል መጣ። ጓደኞቼ ሊሰውሩብኝ ፈልገው ነበር፤ አየሁት። አጠብሁት፤ ተኮስሁት፤ አጥፌ መለስሁት። የሌላ ሰው ልጅ ይተኛበታል፣ ምን ላድርግ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም መዝሙር አላወጣሁም።

እሷ ከሞተች በኋላ አንድ ሳሙና ሻጭ ድምፅዋን ቆርጦ፣ አረፋ ውስጥ በሚጨፍሩ ሰዎች ምስል ላይ ለጠፈው። ወንዱ ልጄ ያን ቀን የሥራ ቦርሳውን ሳያወርድ እንደ ቆመ አለቀሰ። እውነቱን ነው፣ እኔም አልቅሻለሁ። እህቱ የጫነችበት ቻናል በእጁ ስለ ነበር መዝሙሮቹን ሁሉ በባለቤትነት አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ማንም በቪዲዮው ውስጥ የእሷን ድምፅ ቢያሰማ ድምፁ በራሱ ይዘጋበታል። ወጣቶቹ «ኮፒራይት መታን» ይላሉ። የሰፈር ሰው ደግሞ «በሞተች እህቱ ድምፅ ይበላል» ይለዋል። ሐሰት ነው! ቤሳ ቤስቲን አልነካም። ይህ በኑዛዜዬ ውስጥ ይጻፍልኝ፤ እኔ ከሞትሁ በኋላ የሚመሰክርለት የለም።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። አንዷ እጇን ዘርግታ፣ አንዱ እጁን ጨብጦ ከአንድ ማሕፀን ወጡ። እኔም ይህን እያልሁ፣ ሐዘኑ ሲበርድለት ይከፍተዋል እያልሁ ዝም ብዬ ኖርሁ።

በዝናቡ ወራት ግን አንዲት ዳቦ ሻጭ ሴት ከሌላ ከተማ ቤቴን እየጠየቀች መጣች። ትንሽ ልጇ ሞቶባታል። በቀብሩ ላይ የልጄን መዝሙር በድምፅ ማጉያ ከፍተው አብረው ዘመሩ፤ ለሥራ ሩቅ አገር የሄደው አባቱ እንዲያይም ቪዲዮውን ጫኑት። አሳየችኝ። ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ድምፅ የለም። አፈሩ ሲወርድ ይታያል፣ ድምፅ የለም። እኔ ልትወቅሰኝ የመጣች መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ከወንበሩ ተነሥታ «እናቴ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ሳናስፈቅድዎ ዘምረናል። እንዲከፈትልን እለምንዎታለሁ፤ አባቱ ምንም አልሰማም» አለችኝ።

ይቅርታ! ልጇን ቀብራ፣ ዘመርሁ ብላ ይቅርታ! እኔ ዛሬ ብሞት የዚያን ቀን ያህል አልሞትም።

ስለዚህ እንዲህ ስል እናዘዛለሁ። መዝሙሮቼን ማንም አይውረሳቸው፣ ሁሉም ይውሰዳቸው። የፈለገ ይዘምር፣ ይቅዳ፣ ይጫን፣ ወደ ቋንቋው ይመልስ። አሳምሮ የዘመረም አበላሽቶ የዘመረም አይጠየቅ። በተከፈተ ጊዜም ከሰው ሁሉ በፊት ለዳቦ ሻጯ ይነገራት፤ ስልኳ በመጽሐፍ ቅዱሴ ሽፋን ላይ ተጽፏል።

ይህን ማዘዝ እችላለሁ፤ መክፈት ግን አልችልም። መክፈቻው በልጄ ስልክ ውስጥ ነው። እሱን ዳኛ ፊት እንዲያቆም ለማንም ሥልጣን አልሰጥም። በገዛ እጁ ይክፈተው፤ ካልሆነም ይቅር።

ልጄ በሩ ላይ እንደ ቆመ መለሰልኝ። መምህር የእሱንም ቃል ይጻፉ።

«ሳሙና ላይ እንደገና እንዲለጥፏት ነው እማ?»

«ይለጥፏት» አልሁት።

«በአፍሽ ነው! አንቺም አይተሽ አልቅሰሻል።»

«አልቅሻለሁ፤ አሁንም ባየው አለቅሳለሁ። እሷ ግን አታይም፣ አትሰማም። ሞታለች እኮ ልጄ! የቆለፍከው በእኛ ላይ ነው እንጂ እሷንማ ማን ይነካታል።»

ፊቱን ወደ ጓሮው አዞረ። መሪውም መሬት መሬት ያያል። ነርሷ «ትንሽ ይረፉ» አለችኝ፤ አላርፍም፣ አንድ ነገር ቀርቶኛል።

አምስተኛ፣ ከአልጋዬ ራስጌ ባለው መሳቢያ ውስጥ በመሐረብ የተቋጠረ አሮጌ ስልክ አለ። ልጄ የመጨረሻውን መዝሙር ልታሰማኝ ስትዘጋጅ እኔ እንዴት እንደሚቀረጽ ሳላውቅ ቀድሜ ተጭኜው ኖሮ መዝሙሩ ሳይጀመር ወሬያችን ገባበት። ውስጡ መዝሙር የለም። ሳል አለ፣ ሳቅ አለ፣ የድስት ክዳን ሲወድቅ ይሰማል። ወንድሟን ታማዋለች። «መዝሙሩን ለእሱ እንዳትሰጪው እማ፣ እንደ ከረሜላው ይቆልፍበታል!» ትላለች። በልጅነቱ ከረሜላውን በሳጥን ይቆልፍ ነበርና። እኔ ስስታም ስለው ትስቃለች። ኋላ ግን ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ «አይ እማ፣ ብቻውን እኮ በልቶት አያውቅም። ከፍቶ እኩል ነበር የሚያካፍለኝ። የሚቆልፈው እንዳያልቅ ብሎ ነው» ትላለች።

ይህን ለማንም አሰምቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ይስጥ የምለዋ ሴትዮ ይችን ለብቻዬ ቋጥሬ ተኝቼባታለሁ። ይህ ቀረጻ ለልጄ ብቻ ይሁን። ኢንተርኔት ላይ አይውጣ፣ መዘምራንም አይጠይቁት። መዝሙሩ የሕዝብ ነው፤ ሐሜቱ የቤታችን ነው።

ልብስ ሰፊዋ መሳቢያውን ከፍታ ሰጠችው። ባትሪውን ሞልቼው ነበርና ወዲያው በራ። ይዞት ወደ ጓሮ ወጣ። ጠበቅነው። መጀመሪያ የእሷ ሳቅ በመስኮቱ ገባ፣ ቀጥሎ የእሱን ልቅሶ ሰማን። መምህሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ይጻፉ» አልኋቸው፤ «ይህም ንብረቴ ነው።»

ተመልሶ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስልኩን አውጥቶ ምስክሮቹ እያዩት መዝሙሮቹን አንድ በአንድ ከፈታቸው። ሁለቴ ተሳስቶ ደገመው። ከዚያ ለዳቦ ሻጯ ደወለ፤ «ተከፍቷል እናቴ፣ ይቅርታ» ከሚለው በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም።

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። «እማ፣ ከቆለፍኩት ወዲህ አንድ ሰው እሷን ባሰማ ቁጥር ለእኔ መልእክት ይመጣልኝ ነበር። የማላውቀው ሰው፣ የማላውቀው ከተማ። መሰላል ላይ ሆኜ እንኳ ስልኬ ሲንጫጫ ዛሬም እየሰሟት ነው እል ነበር። ለዚህ ነው ያልከፈትኩት። ከእንግዲህ ማን እንደሰማት በምን አውቃለሁ?»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ከተቀየምሁት ጀምሮ አብረን በልተናል፣ አብረን ተቀምጠናል፤ አልጠየቅሁትም፣ አልነገረኝም። እጁን ያዝሁት።

«አታውቅም ልጄ» አልሁት። «እኔም አላውቅም።»

መምህሩ የተናገርሁትን ከላይ እስከ ታች አንብበውልኛል፤ ቃሌ ነው ብያለሁ። ከዚህ በፊት የተናዘዝሁት የለም፤ ከዚህም በኋላ የምጨምርበት ትንፋሽ የለኝም። ብዕር መያዝ ስላቃተኝ በአውራ ጣቴ አትሜበታለሁ።

ስትናገር የሰማን ምስክሮች፦

ጡረታ የወጡት መምህር፣ ጸሐፊም ምስክርም፤ ተፈርሟል።

ነርሷ፤ ተፈርሟል።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት፤ ተፈርሟል።

የመዘምራን መሪው፤ ተፈርሟል።

ዋናው ወራሽ ምስክር መሆን እንደማይችል ጸሐፊው ቢያስረዱትም፣ ተናዛዧ «ተዉት ይፈርም» ስላሉ ከሥር በገዛ እጁ ጽፏል፦

ከፍቻለሁ። የዘማሪቷ ወንድም።